የመጀመሪያዋን ባቄላ የጣልኩ ቀን

ፊደል ያስተማረችኝ የልጄ ልጅ ናት። አማርኛ መማር የጀመረች ጊዜ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ጭኔ ላይ ትዘረጋና «አኮ፣ ዛሬ የተማርነው ይሄን ነው» ትለኝ ነበር። አኮ በእኛ አገር አያት ማለት ነው። እኔ ጎባ ተወልጄ፣ ባለሱቅ አባቴ ቤት አማርኛ ስናገር ያደግሁ ነኝ፤ ፊደል ግን ማንም አላሳየኝም። ወንድሞቼ ትምህርት ቤት ሄዱ፣ እኔ ሱቅ ጠበቅሁ። ከዚያ ለገበሬ ተዳርኩና ከጎባ በላይ፣ ወደ ሳነቴ የሚወጣው ተዳፋት ላይ ኑሮዬን ጀመርኩ። «ለ»ን ከ«ሰ» የለየሁት እንግዲህ ካረጀሁ በኋላ ነው። ስሳሳት እርሳሱን ቀስ ብላ ከእጄ ትወስድና ታርመኛለች። አትቆጣም፣ አትስቅብኝም። ይህች ልጅ አስተማሪ ትሆናለች እል ነበር በሆዴ። ለማንም አልተናገርኩትም።

ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ያጠፋሁት ነገር ምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ነው።

የቀበሌያችን ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ሰባተኛ የሚፈልግ ልጅ በየቀኑ ወደ ጎባ ይወርዳል። መንገዱ ጫካ ያቋርጣል፤ ሲሄዱም ጉም ነው፣ ሲመለሱም ጉም ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ከዚያ መንገድ ተጠልፋ ተወሰደች። ሽማግሌ ተላከ፣ ካሳ ተባለ፣ ነገሩ በእርቅ አለቀ፤ ልጅቱ ግን ወደ ክፍሏ አልተመለሰችም። ከዚያ ወዲህ ልጄ፣ የልጅ ልጄ አባት ማለቴ ነው፣ ቁርጡን ነገረኝ። እኔን እናቱን አዮ ነው የሚለኝ።

«አዮ፣ ሰባተኛ እዚሁ ከተከፈተ ትማር። ካልተከፈተ ግን ያን ጫካ አታቋርጥም። እንደዚያች ልጅ ከሚወስዷት እኔው በወግ እድራታለሁ።»

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ፈርቶ ነው።

ሮቤ ያለችው ልጅሽ ዘንድ ትቀመጥ እንዳትሉኝ። ልጄ የምትኖረው በአንዲት ኪራይ ክፍል ከባሏና ከልጆቿ ጋር ነው፤ እኔ ስሄድ የምተኛው በሩ ሥር ነው። ይህንኑ ነገር አንድ ቀን ሳነሳ አማቼ አንገቱን ደፍቶ፣ «እርስዎ ሁለት ቀን አድረው ይሄዳሉ፤ እሷ ግን ልትኖር ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ቦታ የለም።

እኔ እግሬ ቤት የሚቀመጥ ሰው አይደለሁም። ሪራ ወርጄ ከጫካው ሰዎች ማር እገዛለሁ፣ በጭነት መኪና ሳነቴን አቋርጬ ጎባ እሸጣለሁ፣ የተረፈኝን ሮቤ አደርሳለሁ። ሳነቴ ላይ መኪናው ሲቆም ቀይ ቀበሮ ከፈልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ሳይነቃነቅ ሲጠብቅ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ብርዱ አጥንት ይገባል፣ እሱ ግን አይነቃነቅም። አንዳንዴ ፈልፈሉ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ መኪናችን ይነሳና ሳላይ እቀራለሁ። ያን ዓመት እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ልጅቱ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፤ እኔ ሰባተኛ ከየት ይወጣል ብዬ እጠብቃለሁ።

ወሬውን የሰማሁት ወፍጮ ቤት ነው። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የአምስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ ሊያወጣ ነው፤ ዕቅዱ ውስጥ ምን ይግባ የሚለውን ኅብረተሰቡ ራሱ ይምረጥ ተብሏል፤ ማክሰኞ ሁሉም ትምህርት ቤቱ ግቢ ይምጣ። ስትራቴጂክ የሚለውን ቃል አፌ እስኪለምደው ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ነገሩ ግን ወዲያው ገባኝ፤ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ይጨመርልን የምንልበት ቀን መጣ ማለት ነው። ወፍጮ ቤት የነበሩት ሴቶች ሁሉ ያሉት ይህንኑ ነው።

ጎረቤቴ፣ ቀልድ የምትወድ ምላሰኛ ሴት፣ ዱቄቷን እየከተተች ወደ እኔ ዞረች። አዴ ትለኛለች፤ ለታላቅ ሴት የሚባል ነው።

«አዴ፣ እርስዎማ ምን አለብዎት! መንግሥት ለልጅ ልጅዎ ክፍል ሊሠራ ነው። እኛ ድንጋይ እንሸከማለን፣ እሷ ትቀመጥበታለች።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የእሷ ልጅ ገና አምስተኛ ነበረች፤ እሷም ክፍሉን ትፈልገዋለች። ቀልድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ዱቄቴን ተሸክሜ ስሄድ ቀልዷ አብራኝ ሄደች። በዚያ ዓመት ስድስተኛን ከሚጨርሱት ሴት ልጆች መካከል የእኔዋ አንደኛ መሆኗን ሰው ሁሉ ያውቃል። አሮጊቷ ዕድሜዋን ይዛ ለቤቷ ለመነች ይሉኛል አልኩ። ይሉኝታ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ማንም ምንም ሳይል ጆሮዬ ሰማ።

ማክሰኞ ደረሰ። ሼኩ ዱዓ አደረጉ፣ አሚን አልን። ከጽሕፈት ቤቱ የመጣው ባለሙያ ለስላሳ ልጅ ነው፤ ታላላቆችን አንድ በአንድ «አካም ጅርቱ» እያለ እጃችንን በሁለት እጁ ጨበጠ። ወንዶቹን ኮሶው ዛፍ ሥር፣ እኛን ሴቶቹን ከክፍሎቹ ጀርባ ለይቶ አስቀመጠን። ሴት ወንድ ፊት ሐሳቧን እንዳትደብቅ ነው አለ። እኛ ፊት አምስት ወረቀት ዘረጋና ነፋስ እንዳይወስዳቸው ድንጋይ ጫነባቸው። ማንበብ ለማይችል ሥዕል ተሥሎባቸዋል፦ አንዱ ላይ ሽንት ቤት፣ አንዱ ላይ ዴስክ፣ አንዱ ላይ የውኃ ቧንቧ፣ አንዱ ላይ አጥር፣ አንዱ ላይ ሰባት ቁጥር የተጻፈበት ክፍል። ከዚያ ለያንዳንዳችን አንድ አንድ ባቄላ አደለን።

ጎረቤቴ ሽንት ቤቱን ጎንበስ ብላ አየችው። «ይሄ የማን ቤት ነው? ቆርቆሮውስ! እኔ እዚህ ልግባና ልኑርበት።»

«ይሄን ባቄላ ብበላውስ?» አለች ሌላዋ።

«እናቴ፣ ያኔ የአምስት ዓመቱን ዕቅድ በሉት ማለት ነው» አላት ባለሙያው። ሳቅ ሆነ።

እሱ ግን ወዲያው ኮስተር ብሎ አስረዳን። ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት ነገር ላይ ባቄላዎን ይጣሉ። አይፈሩ፣ አያፍሩ። የማንም ድምፅ ከማንም አይበልጥም። የወንዶቹና የእናንተ ባቄላ አንድ ላይ ይቆጠራል፣ ብዙ ያገኘው በዕቅዱ ቀድሞ ይሠራል። ይህን ሁሉ በደንብ ነገረን። ከዚያ በአክብሮት ወደ እኔ ዞሮ፣ «ከታላቅ እንጀምር። አዴ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለ።

ተነሳሁ። የሴቶቹ ዓይን ሁሉ እጄ ላይ ነው። ጎረቤቴ በሻሿ አፏን ሸፍና ፈገግ ስትል አየኋት፤ ወይም ያየሁ መሰለኝ። ሰባት ቁጥር ወዳለችበት ወረቀት ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ከዚያ ቆምኩ። አሮጊት ሆና፣ ሰው አክብሮ አስቀድሟት፣ የመጀመሪያዋን ባቄላ ለገዛ የልጅ ልጇ ጣለች፤ ይሄ ሲባል ዕድሜ ልኬን እሰማዋለሁ አልኩ። አጠገቡ ያለው አጥር ነው። ግቢው አጥር አልነበረውም፤ ዝናብ ሲሆን ከብት ክፍል ድረስ ይገባል፣ ልጆቹ የተከሉትን ችግኝ ፈረስ ይጨርሰዋል። አጥር ለሁሉም ልጅ ነው፤ የማንም ልጅ ስም የለበትም። የእኔ አንዲት ባቄላ ብትቀር ምን ይመጣል? ሌሎቹ ሰባተኛው ላይ ይጥላሉ። ሳምንቱን ሙሉ ያወሩት እሱን አይደል?

ባቄላዋን አጥሩ ላይ አደረግኩ።

«እንደያዙት ይቆዩ አዴ» አለኝ ከባለሙያው ጋር የመጣ ስልክ የያዘ ሰው። ፎቶ ሊያነሳ ነው። ጎንበስ እንዳልኩ፣ ጣቴ ባቄላዋ ላይ እንዳለ ቆየሁ። ሴቶቹ በደንብ አዩ።

ከእኔ ቀጥላ የተነሳችው ጎረቤቴ ናት። ሰባተኛው ክፍል ላይ ቆመች፣ ቀና ብላ እኔን አየች፣ ከዚያ እጇን አነሳችና አጥሩ ላይ ጣለች። ከእሷ ቀጥሎ ሌላዋ። ከዚያ ሌላዋ። እያንዳንዷ እኔ ያስቀመጥኩበትን እያየች፣ ባቄላዋን ከባቄላዬ ጎን እያስጠጋች። «እኔን አትዩ» ልል አፌን ከፈትኩ። ታዲያ ለምን እዚያ ጣልሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ? አፌን ዘጋሁት። ሁለት ሴቶች ብቻ ሽንት ቤቱ ላይ ጣሉ፣ ሰባተኛው ክፍል ላይ አንድም አልነበረም። ድንጋዩ ብቻውን ተቀምጦበታል።

ወንዶቹ በውኃውና በዴስኩና በክፍሉ ተከፋፍለው ነበር። የእኛ አንድ ላይ የሄደው በለጠ። ባለሙያው ውጤቱን በሁለቱም ቋንቋ አነበበ፤ ኅብረተሰቡ አጥርን አንደኛ አድርጎ መረጠ አለ። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ ጎረቤቴ ክንዴን ይዛ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አዴ፣ አጥሩን ለምን እንደመረጡት ይንገሩኝ እስቲ። የሰሙት ነገር አለ አይደል? እርስዎ ሮቤ ይሄዳሉ፣ ጎባ ይሄዳሉ። ሰባተኛው ቀድሞ ተፈቅዷል ተብሎ ነው?»

«ምንም አልሰማሁም።»

ቆመች። «እኔ ሰባተኛው ላይ ልጥል ነበር እኮ። እርስዎ ሲተዉት አንድ የሚያውቁት ነገር አለ ብዬ ነው። ደግሞስ እርስዎን ጥሼ እንዴት እጥላለሁ?»

«ወፍጮ ቤት ያልሽኝን ፈርቼ ነው» አልኳት።

መጀመሪያ አላስታወሰችውም። ሲገባት ፊቷ ተለወጠ። «ወላሂ አዴ፣ ቀልዴን ነበር» አለች። ክንዴን ለቀቀችኝ።

ልጅቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እጄን እንኳ ሳልታጠብ፣ «አኮ፣ ምን ተመረጠ?» አለችኝ።

«አጥር።»

«አጥር? ማን ነው አጥር የመረጠው?»

«ሰው» አልኳት። ሰው አልኳት እንግዲህ።

በሳምንቱ ማር ልሸጥ ነው ብዬ ጎባ ወረድኩ። ማር አልያዝኩም። ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄጄ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ያ ባለሙያ ሲያየኝ ከቢሮው ወጥቶ ወንበር አመጣልኝ።

«ልጄ» አልኩት፣ «ያ ባቄላ ተሳስቷል። ሰዉ የሚፈልገው ሰባተኛ ክፍል ነው። የጣሉት እኔን አይተው ነው።»

ከልቡ አዳመጠኝ። «አዴ፣ ይገባኛል። ግን ዕቅዱ ወደ ዞን ሄዷል። ደግሞ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ብለውጠው የሕዝቡን ድምፅ ቀየርኩ ማለት ነው። ድሮ እንደዚያ ነበር የሚሠራው፤ ቢሮ ይጻፍና ሕዝብ ይቀበል። ያ እንዲቀር ነው ባቄላውን ያመጣነው።»

«እኔ እኮ ሕዝቡ ነኝ።»

«ነዎት። ድምፅዎም ገብቷል።»

«እኔን አይተው ነው የጣሉት እያልኩህ!»

ከዚያ ሊያስቀይመኝ ሳይፈልግ፣ ለመጠየቅ ያህል ብቻ፣ «እርስዎስ አዴ፣ ማንን አይተው ጣሉ?» አለኝ።

ተነስቼ ሮቤ ዞን ሄድኩ። እዚያ ያገኘኋት ሴትዮ ዕቅድ ከታች ወደ ላይ ነው የሚመጣው፣ ወረዳችሁ ሂጂ አለችኝ። ልጄ ቤት በሩ ሥር አደርኩና ስለ ልጅቱ አንድ ጊዜ ደግሜ አነሳሁ። አማቼ አንገቱን ደፋ። ተመለስኩ።

ዕቅዱ ታትሞ ሲመጣ ባለሙያው አንዱን ለእኔ አስቀርቶልኝ ነበር። ጎባ ስወርድ ጠርቶ ሰጠኝ። «ለእርስዎ የሚገባ ነው» አለ፣ ደስ ብሎት። ሽፋኑ ላይ አንድ ሥዕል ነገር አለ፤ ዓይኔ ደክሟል፣ ነጭ ነገር ላይ ጠቆር ያለ ነገር ይታየኛል። ውስጡ በኦሮምኛ፣ በላቲኑ ፊደል በቁቤ የተጻፈ ነው፣ እኔ ቁቤ አልችልም። ሰባተኛ ክፍልን አንድ ቦታ ጨምረውት ይሆናል ብዬ እንደ ሞኝ ደስ አለኝ። እንዳይቆሽሽ በሻሼ ጠቅልዬ ይዤው ወጣሁና ልጅቱን ጠራኋት።

«ነይ፣ የእናንተን ክፍል የት ጋ እንደጻፉት አንብቢልኝ።»

አጠገቤ ተቀመጠች። ወረቀቱን ተቀብላ ግን አልገለጠችውም። ሽፋኑን ታያለች። ከዚያ የእኔን ቀኝ እጅ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሌባ ጣቴ ጠማማ ናት፤ ወጣት ሳለሁ የበቅሎ ገመድ ሰብሯት እንደታጠፈች የቀረች ናት። ልጅቱ ጣቴን ያዘቻት፣ ሽፋኑን አየች፣ ደግማ ጣቴን አየች።

«አኮ፣ ይሄ እጅ ያንቺ ነው።»

ወደ ሽፋኑ ጎንበስ አልኩ።

«ባቄላው ያለው አጥሩ ላይ ነው» አለች።

እንድትጮህብኝ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። እጄን መልሳ ወደ ራሴ ጭን አደረገችው፣ ገጹን ገለጠች፣ ማንበብ ጀመረች። በኦሮምኛ ታነባለች፣ እንደ አስተማሪ ድምፅዋን ሳትለዋውጥ፣ ቀስ እያለች። ስለ አጥሩ አነበበች፤ አንደኛ ዓመት። ስለ ውኃው፣ ስለ ዴስኩ፣ ስለ ሽንት ቤቱ። መጨረሻው ላይ ሰባተኛ ክፍል ነበር፤ በጀት ሲገኝ፣ አምስተኛ ዓመት። ያንንም ሳትዘል አነበበችልኝ። ጨርሳ ወረቀቱን አጠፈችው፣ በሻሼ መልሳ ጠቀለለችው፣ ጄሪካኗን ይዛ ውኃ ልትቀዳ ወጣች። ፊደል ያኔ ቆመ። ደብተሩን ሳወጣ ሥራ አለብኝ ትላለች። ሥራ ነበረባት፣ አልዋሸችም።

ዕቅድ ወረቀት ላይ ይቀራል ሲሉ እሰማለሁ። የእኛ አልቀረም። በተባለው ዓመት ድንጋይ ተሸክመን አጥሩ ተሠራ። ከታች የድንጋይ ግንብ፣ ከላይ ሽቦ፣ አረንጓዴ የብረት በር። ጥሩ አጥር ነው፣ ይህን መካድ አልችልም። ከብት አይገባም። ችግኙ አድጓል።

ልጅቱ ስድስተኛን ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ጨረሰች። ከዚያ አንድ ዓመት ቤት ተቀመጠች። በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከቆላው ከብድሬ ሰዎች ለጋብቻ ሊጠይቋት መጡ። ከብት ያላቸው፣ ደህና ቤተሰብ ናቸው ተባለ። ልጄን ለብቻው ጠርቼ፣ ገና ልጅ ናት፣ አንድ ሁለት ዓመት ጠብቅ አልኩት።

«ምን እስኪመጣ አዮ?» አለኝ።

ላብራራ ስል እጁን አነሳ። እናቱን አቋርጦ አያውቅም ነበር። «እኔ ሰባተኛው ላይ ነው የጣልኩት» አለ። ሌላ አልጨመረም። ከብቶቹን ሊያስገባ ወጣ።

በሄደች ቀን እጄን ስማኛለች። ጣቴን ሳይሆን መዳፌን ገልብጣ ነው የሳመችው። እንደዚያ ስማኝ አታውቅም።

እግሬ ባሌን ሁሉ ያውቃል። ሪራን፣ ሮቤን፣ በረሃ ወርጄም ሶፍ ዑመርን አይቻለሁ። ብድሬ ግን እስካሁን አልሄድኩም። ሰው ሲጠይቀኝ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሙቀቱ አይስማማኝም እላለሁ። ባለፈው ግን ደብዳቤ ጻፍኩላት። ያለ እሷ የጻፍኩት የመጀመሪያው ነው፤ ያረመልኝ የለም። ሰባተኛው ላይ ልጥል ሁለት እርምጃ ሄጄ እንደነበር ጻፍኩ። ለምን እንደተመለስኩም ጻፍኩ። ከብድሬ ከብት እየነዳ ሮቤ ገበያ ለሚመጣ ነጋዴ ሰጠሁት።

በሚቀጥለው ሲመጣ ገበያው ዳር ቆሜ ጠበቅሁት።

«ሰጠኋት አዴ» አለኝ። «እዚያው ቆማ አነበበችው። ደህና ናት። ትንሽ ከስታለች እንጂ ደህና ናት።»

«መልስ አልሰጠችህም?»

«አልጻፈችም። አንድ ነገር ግን ጠይቃኛለች።» ዱላውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «አጥሩ አሁንም ቆሟል ወይ በላት አለችኝ። ምን ልበላት?»

ከብቶቹ መንቀሳቀስ ጀምረው ነበር፤ ሊሄዱበት ነው።

«ቆሟል በላት» አልኩት።